የበድሪ ማንኪያ

ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁንም ሰብስቡ። መሰብሰቡ ሊያስቸግራችሁ ይችላል፤ ታሪኩ የሩጫ ነዋ።

ድሮ፣ ባቡር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ በድሪ የሚባል ልጅ ነበር።

በድሪ መሮጥ ይወዳል። ውኃ ቅዳ ሲሉት ይሮጣል፤ ጨው አምጣ ሲሉት ይሮጣል፤ ምንም ሳይሉትም ይሮጣል። ፈትለክ!

እናቱ ሐሊማ ደግሞ ሳምቡሳ ትሠራለች። ምስሩን በእንጨት ማንኪያዋ እየዛቀች ሊጡ ውስጥ ትጠቀልላለች፤ ከዚያ የጋለ ዘይት ውስጥ። ችስስስ!

ባቡሩ ሲመጣ ሳምቡሳዋን በትሪ ይዛ ጣቢያ ትወርዳለች። ኡኡኡ! ቹኩ ቹኩ፣ ቹኩ ቹኩ! ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እሷም ታቀብላቸዋለች።

ከዚያ ባቡሩ ይሄዳል። ሐሊማ ትቀራለች። ሁልጊዜ ትቀራለች።

ይህ ባቡር እኮ እስከ ባሕር ድረስ ይሄዳል ትለዋለች በድሪን። ባሕር ምን እንደሚመስል ሲጠይቃት ግን ትሪዋን ትወለውላለች። አይታው አታውቅማ።

በድሪም በልቡ «እናቴን ባሕር አሳያታለሁ» አለ።

በየዓመቱ የባቡር ሠራተኞች ደቻቱ ላይ ሩጫ ያዘጋጁ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ነው፤ ዝናብ ከሌለ ግን ውኃ የሚባል የለበትም፤ አሸዋ ብቻ።

መጀመሪያ ትልልቆቹ ይሮጣሉ፤ ቀጥሎ ልጆቹ። ከልጆቹ አንደኛ የወጣው፣ ከቤቱ አንድ ሰው ይዞ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ባሕር አይቶ ይመለሳል።

በድሪ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ከትልልቆቹ ሁሉ ፈጣኑ ሮብሌ ነበር። ሮብሌ ባቡሩ ላይ እሳቱን የሚያነድ ሰው ነው። ከቁመቱ የተነሣ ቀና ብለው ካላዩት ፊቱ አይታይም።

የሩጫው ዕለት ሮብሌ ከመሮጡ በፊት ተንበረከከና መሬቱን በብረት ጫረ። ጫር! ጫር! ጫር! ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፈረ፤ አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ።

የእግሮቹን ጣቶች እዚያ ውስጥ ተከለ። እጆቹን መሬት አስነካ። በዚያን ዘመን የአጭር ሩጫ ሯጮች የሚነሡት እንዲህ ነበር፤ ጉድጓዱን ገፍተው ይወነጨፋሉ።

ፊሽካው ተነፋ። ፊርርር! ሮብሌ ሄደ፤ አቧራው ብቻ ቀረ።

አሁን የልጆቹ ተራ ነው። በድሪ የሮብሌን ጉድጓዶች አየና በጣም አማሩት። የአሸናፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ እያለ እኔ ምን አለፋኝ ብሎ እግሮቹን ከተተ።

አንዱ እግሩ እዚህ! አንዱ እግሩ እዚያ! ወይ በድሪ!

ፊርርር! ልጆቹ ሮጡ። በድሪ ግን የኋላ እግሩ አልወጣ አለው። ዷ! በአፍጢሙ ተደፋ። አፉ አሸዋ፣ አፍንጫው አሸዋ፣ ጆሮው አሸዋ።

በድሪ አለቀሰ። ስለ ወደቀ አልነበረም፤ እናቱ ባሕሩን ሳታይ ልትቀር ስለሆነ ነበር።

ሮብሌ መጥቶ አነሣው፤ አሸዋውንም አራገፈለት። ከዚያ ትልቁን እግሩን ከበድሪ ትንሽ እግር ጎን አስቀመጠ።

«የኔ ጉድጓድ የኔ እግር ልክ ነው» አለው። «ያንተን ራስህ ቆፍር።»

ከዚያ ጉድጓዶቹን አብረው ደፈኑ። ሯጭ ሮጦ ሲጨርስ ጉድጓዱን ይደፍናላ፤ ሰው እንዳይደናቀፍ።

በማግሥቱ በድሪ መቆፈሪያ ፈለገ። ዞር ዞር ሲል የእናቱን የእንጨት ማንኪያ አየ። ቀስ ብሎ አነሣትና ሹልክ!

ጫር! ጫር! ጫር! አራርቆ ቆፈረ፤ ወደቀ። አቀራርቦ ቆፈረ፤ ተደናቀፈ። እንደገና ጫር! ጫር! ጫር!

እቤት ሐሊማ ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ማንኪያዬስ? የት ገባ ማንኪያዬ?»

ድመቷን ጠየቀቻት። ድመቷ አዛጋች።

ሌላ ቀንም በድሪ ጫር! ጫር! ጫር! ሐሊማም «ማንኪያዬስ? የት ገባ ማንኪያዬ?»

ዶሮዎቹን ጠየቀች። ዶሮዎቹ የራሳቸውን ጭረት ይጭራሉ፤ ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን በድሪ ግቢው ውስጥ ቆፈረና መድፈኑን ረሳ። ሐሊማ ትሪውን ይዛ ብቅ ስትል እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ዷ! ሳምቡሳው ሁሉ በረረ።

ዶሮዎቹን ደስ አላቸው። ሐሊማን ግን ምንም ደስ አላላትም።

በድሪን ጠራችው። መጣ። ማንኪያዋ እጁ ላይ ናት፤ ምን ብሎ ይካድ? ምን እየሠራህ ነው አለችው ተቆጥታ።

በድሪ አንገቱን ደፋ። «ሩጫውን አሸንፌ ባሕር ላሳይሽ ብዬ ነው፣ እማ።»

ሐሊማ እጇን ዘረጋች። ማንኪያዋን ተቀበለችው፤ በቀሚሷም ጠረገቻት። ከዚያ መልሳ እጁ ላይ አኖረቻት።

«እንግዲያው ደህና አድርገህ ቆፍር» አለችው። «ስትጨርስ ግን ድፈን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሊማ ምስሩን በእጇ መዛቅ ጀመረች።

ዓመቱ ዞረ። ደቻቱ ዳር ሰው ግጥም አለ። በድሪ ተንበረከከና ማንኪያዋን አወጣ። ልጆቹ ሳቁበት። ይሳቁ፤ በድሪ ሥራ ላይ ነው። ጫር! ጫር! ጫር!

ጉድጓዶቹ ትንንሽ ነበሩ። የበድሪ እግር ልክ።

ፊርርር! ፈትለክ! በድሪ ተወነጨፈ። ጎኑ ያለው ልጅ ደረሰበት፤ በድሪ ጥርሱን ነከሰ። ሐሊማ ከዳር ሆና ነጠላዋን ጨብጣለች።

በድሪ መጨረሻው ላይ የተወጠረውን ክር በደረቱ በጠሰው። አንደኛ!

ሰው ሁሉ ሊያቅፈው መጣ። እሱ ግን ወደ ኋላ ሮጠ። ምን ረስቶ ነው? ጉድጓዶቹን ነዋ! ደፈናቸውና ከዚያ ሮብሌ ትከሻው ላይ አወጣው።

ኡኡኡ! ቹኩ ቹኩ፣ ቹኩ ቹኩ! ዛሬ ባቡሩ ሲሄድ ሐሊማ አልቀረችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

አንድ ጣቢያ ላይ አንዲት ሴት ትሪ ተሸክማ መጣች። ሐሊማ በመስኮት እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ እንባዋ መጣ።

ባሕሩ ዘንድ ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ቆመች። ሽሽሽ ይላል ውኃው፤ ይመጣል፤ ይሄዳል።

«ይሄ ሁሉ ውኃ፣ በድሪዬ?» አለች። እጁንም አልለቀቀችውም።

በድሪ አደገ። በየከተማው ሮጠ፤ ባሕሩን ተሻግሮም ሮጠ። ሻምፒዮን ተባለ፤ ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። ሌሎቹ የሚያብረቀርቅ ብረት ያወጣሉ፤ እሱ ከኪሱ የእንጨት ማንኪያ። ጫር! ጫር! ጫር!

ዓመታት አለፉ። የበድሪ ፀጉር ነጣ፤ ጉልበቱም ደከመ። ማንኪያዋም አረጀች፤ ጫፏ አለቀ። እሱ ግን ሾርባውን የሚያማስለው በሷው ነው።

አንድ ምሽት ሾርባው ሲፈላ ማንኪያዋ ጠፋች። «ማንኪያዬስ? የት ገባ ማንኪያዬ?»

ድመቷን ጠየቃት። ድመቷ አዛጋች።

የልጅ ልጁ ኑሪያ አልጋዋ ላይ ናት። ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፍናለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ከትራሷ ሥር አንድ ያለቀ የእንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል። አሸዋም አለበት።

በድሪ ማንኪያዋን እዚያው ተዋት። ፋኖሱን ይዞ ግቢ ወጣ። እዚያ መሬቱ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ትንንሽ፣ የኑሪያ እግር ልክ።

ሊደፍናቸው ጎንበስ አለና ተወው። የሷ ጉድጓዶች ናቸው፤ ነገ ሮጣ ስትጨርስ ራሷ ትደፍናቸዋለች።

ተመልሶ ገባና ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ አለበሳት። እግሮቿን ግን ትንሽ ገለጥ አድርጎ አያቸው፤ ከዚያ ሸፈናቸው።

በዚያ ምሽት ሾርባውን በሹካ አማሰለ።