ሻምበል የተኛበት እጅጌ

አንዲት ልጅ አለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቅልብልቢት ይላታል። ስምንት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ነው፤ አልጋው ላይ ክር፣ ሶፋው ላይ ክር፣ ሻይ ውስጥ እንኳ ክር! አንተ ከኋላ ያለኸው፣ የጓደኛህን ጆሮ ተውና ስማኝ።

ሻምበል የሚባል ውሻ ነበራቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አትጠይቁኝ። ጠባዩ ማር ነው። ቅልብልቢትን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት በር ድረስ ያደርሳታል። ጉዱ ሲበላ ነው። ሰው ሳህኑ አጠገብ ከደረሰ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ አሮጌ ሞተር «ጉርርር!» ይላል።

አባቷ፣ «ሲበላ ተይው! ሳህኑ ጋ ድርሽ እንዳትዪ!» ብሏታል።

ሰማች? ኧረ የት ተሰምቶ! የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ፣ «እኔን እኮ ይፈራኛል! እዩ!» ትልና ሳህኑን መንጠቅ። ሻምበል ጉርር ሲል በነጠላ ጫማ ቸብ! «ዝም በል! አለቃው እኔ ነኝ!» ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባ ደግሞ ይጣፍጣል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በማግስቱም ያንኑ ደገመች።

ውሻው ታዲያ ምን ተማረ? «እጅ ከመጣ ሊወስድብኝ ነው» የሚለውን ተማረ። ከሳህን አልፎ ካልሲ መጠበቅ ጀመረ። ከዚያ ትራስ። ከዚያ የእናትየዋን ጫማ። አንድ ቀን ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሲያጉረመርም ዋለ፤ ውስጡ እኮ አየር ነው! እናትየዋ በአንድ እግር ጫማ እየዞረች፣ «በገዛ ቤቴ ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ!» ትላለች።

አንድ ጠዋት ሙሽራ ኮቱን ሊወስድ መጣ። አንድ እጅጌ መግጠም ብቻ ነበር የቀረው። እጅጌው የለም! አባት ሱቁን አተራመሰው። ቅልብልቢት ጎንበስ ስትል ሻምበል ከስፌት መኪናው ሥር እጅጌው ላይ ተኝቷል።

«አምጣ!» ብላ እጇን ሰደደች።

ሻምበል ጉርር አላለም። ለምን ይበል? ጉርር ባለ ቁጥር በጫማ ተመቷል። በቀጥታ ቀጨም! ጥርሱ የሹራቧን ጫፍ ያዘ፤ ጣቷ ለጥቂት ተረፈ።

«አባዬዬ!»

አባት መጥረጊያ ይዞ ሮጠ። ሙሽራው ራሱን ያዘ። «በአንድ እጅጌ ላግባ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለ አባት። «በቃኝ! ይህ ውሻ ዛሬውኑ ለመጋዘኑ ዘበኛ ይሰጣል! ነገ ሕፃኑን ቢነክስስ?» ታናሽ ወንድሟ ገና መዳህ መጀመሩ ነው።

አክስቷ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ በስልክ ተጠርታ መጣች። መጀመሪያ መጥረጊያውን ከአባት እጅ ወሰደች። «ከአፉ የሚነጥቀው ማነው?» አለች።

«ኧረ ማንም!» አለ አባት።

ቅልብልቢት ጣራ ጣራ ታያለች። ጣራው ላይ ምን ነበር? ምንም!

«ያለ ምክንያት ከሆነማ ይሂድ» አለ አባት፤ ማሰሪያውን አነሳ።

ልጅቷ ዓይኗን አወረደች። ሻምበል ይንቀጠቀጣል። «እኔ ነኝ!» ብላ አለቀሰች። «ለማስጨብጨብ ነው! የምመታውም እኔ ነኝ! እሱን አትስጡት!»

አክስቷ እንባዋን ጠረገችላት። «አባትሽ መቀሱን ስትነኪበት ምን ይላል?»

«ጉርርር ይላል» አለች። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ።

«ወረቀት ቆርጠሽ እንዳታዶለዱሚበት ፈርቶ ነው። ሻምበልም ፈርቶ ነው። ጉርር ሲል ‹እባካችሁ ራቁልኝ› ማለቱ ነው። አፉን ስታዘጊው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።»

ከዚያ የተቀቀለ ዶሮ ከሩቅ ወረወረችለት። ቀጥሎ ትንሽ ራቅ አድርጋ። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ። ሻምበል እጅጌውን ትቶ ወጣ፤ በሩ ተዘጋ፤ እጅጌው ተነሳ። ሙሽራው በሁለት እጅጌ አገባ! አንዱ ብቻ በምራቅ ርሶ ነበር። ሙሽሪት እንባውን የጠረገበት መስሏት እስከ ዛሬ ትኮራበታለች።

ሻምበልም አልተሰጠም። ከዚያ ወዲህ ለብቻው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሕፃኑ ሳይደርስበት ይበላል። የሚነጥቀው የለም። አክስቷ በመጣች ቀን ብቻ በሩ ይከፈትና፣ እሷ እያሳየቻት ቅልብልቢት ራቅ ብላ ታልፋለች፤ ቁራጭ ሥጋ ትወረውርለትና መንገዷን ትቀጥላለች። ጉርር ካለ ሳትቆጣ ይበልጥ ትርቃለች። ፍርሃቱ ቶሎ የለቀቀው መሰላችሁ? ኤዲያ! ወራት ፈጀ! በመጨረሻ ግን ስትመጣ ሲያይ በጉርርታ ፋንታ ጭራውን ይቆላ ጀመር።

አንድ ቀን ለአሻንጉሊቷ ጨርቅ ልትቆርጥ መቀስ ፈለገች። አባቷ ከሩቅ አይቷት መቀሱን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «አይሞከርም!»

ቅልብልቢት አልነጠቀችም። ትኩስ ሻይ አምጥታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችና ፈቀቅ አለች። አባት ሻዩን አየ። መቀሱን አየ። ሻምበልን አየ።

«አሁን እኔንም?» አለና መቀሱን አቀበላት።

ልጆቼ፣ የሌላውን ከእጁም ከአፉም አትንጠቁ፤ ስታጠፉም ሌላው በእናንተ ጥፋት ሳይቀጣ «እኔ ነኝ» በሉ።