ኮኪ ስሙን ያልጠየቀችው እንጉዳይ

ኮኪ የአሥር ዓመት ልጅ ነች። ቤታቸው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሄሉ ሰፈር ነው። አባቷ አቶ በኃይሉ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት የሚውሉት እናቷ፣ እሷና የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ጃርሶ ናቸው።

ኮኪ ደግ ልጅ ነች። ሳቂታ ነች። ግን አንድ ነገር አለባት፤ አርፋ መቀመጥ አትችልም! ጸሎት ላይ እግሯ ይወዛወዛል። መዝሙር ሲጠና ከሁሉ ቀድማ ትጨርሳለች። ጥያቄ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ እጇ ወጥቷል። ከእናንተ መካከል እንደ ኮኪ ያለ የለም? እኔ አንድ ሁለቱን አውቃለሁ፤ ስም ግን አልጠራም።

በሚያዝያ ዝናቡ ደህና አድርጎ ጣለ። ለወራት አቧራ ብቻ የነበረው ሜዳ አረንጓዴ ለበሰ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ጋሼ ስዩም ልጆቹን ሰብስበው፣ "ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ እንወጣለን። እግዚአብሔር ደጃችን ላይ የዘራውን እናያለን። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ያያችሁትን ትሥላላችሁ" አሏቸው።

ቅዳሜ አሥራ አራት ልጆች ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ተጠጋግተው ወደ ጎዶማ በኩል ወጡ። ቁጥቋጦው ዳር አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። አኮ ጡሪ ይባላሉ። "አኮ" በቦረናዎች ቋንቋ አያት ማለት ነው። አገራቸው ዳበል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብትና ግመል ተከትለው ስለኖሩ፣ የማያውቁት ዛፍ የለም ይባልላቸዋል። አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ ነው።

"ልጆች፣ እዚህ ሁሉም ስም አለው" አሉ አኮ ጡሪ። "ስሙን ካላወቃችሁ ትጠይቃላችሁ። እስከዚያ እጅ ይቆያል። ሳይጠይቁ መቁረጥ የለም፣ መቅመስ የለም። ሳዋ?"

"ሳዋ!" አሉ ልጆቹ፤ በስዋሂሊ "እሺ" ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ኮኪ ነበረች።

ቀስ እያሉ ሄዱ። እሬቱ ቀይ አበባውን አውጥቷል። ግንዱ እንደ እንስራ ያበጠ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ሐምራዊ አበባ ያደረገ አጭር ዛፍ አዩ። "ይሄ ያምራል፤ ወተቱ ግን መርዝ ነው። በዓይን ብቻ!" አሉ አኮ ጡሪ። ከዚያ አንድ እሾሃም፣ ጎባጣ ዛፍ አጠገብ ቆሙ። ከቅርፊቱ ላይ ደርቆ የተንጠለጠለ ቡናማ ሙጫ አሳዩአቸው።

"ይሄ ቁምቢ ነው። እናንተ ከርቤ ትሉታላችሁ።"

"ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ኢየሱስ ያመጡለት ከርቤ?" አለ ሁካ የሚባል ልጅ። "እኛ ሰፈር አጠገብ ነው እንዴ የሚበቅለው?"

ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ አሸተቱ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው አሸተቱ። ኮኪ ግን አንዴ ሳብ አደረገችና፣ "ቀጥሎስ? ቀጥሎ ምን አለ?" አለች። እግሯ ቀድሞ ሄዷል።

ቀጥሎ የነበረው የምስጥ ኩይሳ ነው። ከሥሩ ሦስት ነጫጭ እንጉዳዮች ብቅ ብለዋል። አኮ ጡሪ ተንበርክከው በምርኩዛቸው ጫፍ አፈሩን ገለጥ አደረጉ። የእንጉዳዩ እግር እንደ ገመድ ወደ ታች ይወርዳል። "ምስጡ ቤት ድረስ ይሄዳል" አሉ። "ይሄን እናቴ አሳይታኛለች። ይበላል።"

የኮኪ ልብ ዘለለ። እናቷ ያደገችው ቦንጋ፣ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ነው። ሁልጊዜ፣ "እንደ ልጅነቴ እንጉዳይ አንድ ቀን ብቀምስ!" ትላለች።

"አኮ፣ ለእናቴ ልውሰድላት?"

"ገና ትንንሽ ናቸው፣ ልጄ። ይደጉ። የዛሬ ሳምንት እኔ ራሴ አመጣላታለሁ።"

ሳምንት! ለኮኪ ሳምንት ማለት ዓመት ነው።

ሌሎቹ ልጆች ኩይሳውን ለመሣል ሲቀመጡ ኮኪ ተነሥታ ከቁጥቋጦው ጀርባ ዞረች። እዚያ ሣሩ ላይ ምን አየች መሰላችሁ? ሳህን የሚያካክሉ ነጫጭ እንጉዳዮች! ኩይሳ በአጠገባቸው የለም።

"እነዚህማ ከእነዚያ ይበልጣሉ" አለች። አኮ ጡሪ የቆሙት ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ነው፤ ብትጣራ ይሰሟታል። "ከጠየቅኩ ግን ተዪው ይሉኛል" ብላ አሰበች። ቶሎ ቶሎ አምስቱን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሲመለሱ ጋሼ ስዩም፣ "ኮኪ፣ ምን ሣልሽ?" አሏት። ደብተሯ ባዶ ነበር።

እናቷ እንጉዳዩን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ኧረ ልጄ! ከየት አመጣሽው?" ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ። "የዚህን አገር እንጉዳይ እኔ አላውቀውም። አኮ ጡሪ አይተውታል?"

ኮኪ ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። "አዎ። ይበላል ብለዋል።"

ይበላል ብለዋል፤ እውነት ነው። ግን ስለ የትኛው ነበር ያሉት? ውሸት የእውነት ልብስ ሲለብስ እንዲህ ነው፣ ልጆች። እናትየዋ አመነቻት።

ሽንኩርቱ ተቁላላ፤ እንጉዳዩ ገባ፤ ቤቱን መልካም ሽታ ሞላው። ኮኪ ግን ወጣች፣ ገባች። የሞላውን ጀሪካን ልትሞላ ሄደች። የተጠረገውን በር ጠረገች። "ምን ሆነሻል? መሬቱ ፈጀሽ እንዴ?" አለች እናቷ። ኮኪ፣ "አሁን እነግራታለሁ፤ ቆይ፣ አሁን" ትላለች በልቧ። ቃሉ ምላሷ ላይ ይደርስና ይመለሳል።

እናቷ ድስቱን አወረደችና ጎረቤታቸውን ነጂባን ለምሳ ልትጠራ ወጣች። ነጂባ ግድግዳቸውን ተጋርታ ሱቅ የከፈተች ሴት ነች። በዚህ መካከል ኮኪ ዘወር ስትል ጃርሶ ድስቱ አጠገብ ቆሟል። ጉንጩ ተወጥሯል።

"ጃርሶ! እንትፍ በለው! እንትፍ በል!"

ጃርሶ ዋጠውና ፈገግ አለ። "ይጣፍጣል።"

ማንም አላየም። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ኮኪ ግን ዝም አላለችም። በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች።

"እማዬ! ዋሽቻለሁ! አኮ ጡሪ አላዩትም! ጃርሶ በላው!"

እናቷ እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። የነቃችው ነጂባ ነች። "ወሬው ይቆየን! አንቺ ልጁን ያዢ! ኮኪ፣ የቀረውን በላስቲክ አድርገሽ አምጪ፣ ሐኪሙ ይየው!" አለችና ሱቋን ዘግታ ባለ ሦስት እግር ቱክቱክ አስቆመች።

ሐኪም ቤት ደርሰው ብዙም ሳይቆይ ጃርሶ ማስመለስ ጀመረ። አስመለሰ፣ እንደገና አስመለሰ። ሐኪሟ፣ "ምን ያህል በላ? መቼ?" ብላ ጠየቀች። መልሱን የምታውቀው ኮኪ ብቻ ነበረች። ሁሉንም እውነቱን ተናገረች። ጃርሶ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰካለት።

ኮኪ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አለች። ተቀመጠች፣ ተነሣች። መስኮቱን አየች፣ በሩን አየች።

"እማዬ፣ አትቆጪኝም?"

"እቆጣሻለሁ። ዛሬ ግን ጉልበት የለኝም።" እናቷ እጇን ያዘቻት። "ሮጠሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ሁላችንም በልተን ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ነጂባ አስጠርታቸው ጋሼ ስዩምና አኮ ጡሪ መጡ። አኮ ጡሪ የቀረውን እንጉዳይ ከላስቲኩ አውጥተው ገለበጡት፣ አሸተቱት።

"አላውቀውም" አሉ።

ኮኪ በእንባዋ መሐል ቀና አለች። "እርስዎ የማያውቁት አለ?"

"ብዙ! ሰባ ዓመት እዚያ ዱር ውስጥ ነኝ፤ የማላውቀው ብዙ ነው። የማላውቀውን አልበላም። እንደዚያ ነው አሮጊት የሆንኩት።"

"አኮ፣ በስምዎ ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

አኮ ጡሪ ሻካራ መዳፋቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። "ይቅር ብያለሁ። አሁን ወንድምሽ ጋ ሂጂ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጃርሶ ዓይኑን ገለጠና፣ "ማንዳዚ እፈልጋለሁ" አለ፤ በዘይት የተጠበሰውን ጣፋጭ ዳቦ ማለቱ ነው። ሐኪሟ ሳቀች። እናቱ ግን አለቀሰች።

በማግስቱ እሑድ ኮኪ ማንም ሳይጠይቃት ልጆቹ ፊት ቆመች። ያደረገችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ልጆቹ አልሳቁባትም። ሁካ፣ "ጃርሶ ዳነ አይደል?" ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው ስለ ጃርሶ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ሌላ ቅዳሜ ደግመው ወደ ዱር ወጡ። ኮኪ ከአኮ ጡሪ ጎን አልራቀችም። "አኮ፣ ይሄስ? ይሄስ ማን ይባላል?" ትላለች። አንድ ግራር ግንድ ላይ እንደ አሮጌ ቀለም የተለጠፈ ግራጫና ብርቱካንማ ነገር አየች።

"ይሄም ሕይወት አለው" አሉ አኮ ጡሪ። "ስሙን ግን አላውቅም። ዝናብ ሲመታው ይለመልማል።"

"እኔም አላውቅም" አለች ኮኪ። ደስ አላት። ከግንዱ ሥር ተቀመጠችና ሳትነካው፣ ቀስ ብላ ትሥለው ጀመር።

ልጆች፣ የማናውቀውን "አላውቅም" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የማናውቀውን እናውቃለን ብሎ መዋሸት ግን የምንወዳቸውን ሰዎች ይጎዳል።