ባዶ የቀረችው መስመር

በፍራነከር ከተማ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የተበላሸ ዕቃ በነጻ ይጠገናል። ደንቡ ሁለት ነው፤ ያልተበላሸ ነገር ይዞ መምጣት አይፈቀድም፤ የዕቃው ባለቤትም ከጠጋኙ ጎን ተቀምጦ ማገዝ አለበት። ፋርዳው በሁለተኛው ደንብ የተነሣ ሰው ወደደች፤ በመጀመሪያው የተነሣ ደግሞ ዋሸች።

መጀመሪያ የሄደች ዕለት ችግሩ እውነተኛ ነበር። ስለ ባሕር ግድቦች የምትጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ሀርድ ዲስክ፣ ከኮምፒውተሯ ጋር በተገናኘ ቁጥር ጠቅ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ላይም «የዩኤስቢው ኃይል አልበቃም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በር ላይ የምትመዘግበው ወይዘሮ ሂልቸ ቅጽ ሞላችላትና፣ ከቡና ጋር አንዲት ብስኩት ሰጥታ ወደ ቪብረን መራቻት። ቪብረን በሥራ ቀን የላም ማለቢያ ማሽን ይጠግናል። ጣቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ዕቃ ሲነካ ግን የሚያመው ይመስል ቀስ ብሎ ነው።

«ቤትሽ እንደምታደርጊው ሰካኪው» አላት።

ስልክ ስትደውል የሚሰካውን ሁሉ አምጪ ተብላ ነበርና ሰካካችው። ከኮምፒውተሯ አንዲት ቀዳዳ በማከፋፈያ ዲስኩ፣ መብራቱ፣ ማራገቢያው ተንጠለጠሉ። በመጨረሻ ከቦርሳዋ ሥር ሽቦ ያለው የሱፍ ጫማ ወጣ።

«ይሄስ?»

«የእግር ማሞቂያ» አለች፤ ፊቷ ቀላ።

«አንዲት ላም ላይ አራት ጥጃ ለቀሽባት፤ ምን ታድርግ?»

አንድ በአንድ ነቀላቸው። ከግድግዳው የራሱን ኃይል የሚያገኝ ሌላ ማከፋፈያ አመጣ፤ ዲስኩ ጸጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። በቅጹ መጨረሻ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የምትል መስመር አለች። ቪብረን «ብርድ» ብሎ ጻፈባት። ፋርዳው ሳቀች። ቀና ስትል እያያት ነበር፤ ዓይኑንም አላሸሸም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተበላሸባት ነገር አልነበረም። ቢሆንም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

«ቤት ስሆን አሁንም ይጠፋል» አለችው።

ገመዱን ለወጠ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ቀዳዳውን እንዳያጠፋ አስተካከለ። በትንሽዬ መለኪያ ለካ። ሁሉም ደህና ነው።

«እዚህ ጤነኛ፣ ቤት በሽተኛ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። በቅጹም የምክንያቷ መስመር ባዶ ቀረች።

በሦስተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። እየለካ ሳለ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት እንደማይችል በሹክሹክታ ነገራት። «ሕፃን ሁሉ በሚንሸራተትበት በዚህ አገር ይሄን ለማንም አይናገሩትም» አላት። እሱ ሀፍረቱን ሲሰጣት እሷ የሰጠችው ውሸት መሆኑን አሰበች፤ ብስኩቱን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

በአራተኛው ቅዳሜ ፋርዳው ዳግም ዲስኩን ይዛ መጣች፤ ወይዘሮ ሂልቸ ምክንያት ያልተጻፈባቸውን ቅጾች አየች።

«ቪብረን፣ ከላም ሌላ አታውቅም እንዴ?»

ቪብረን ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሰዓቱ ደርሶ አዳራሹ ሊዘጋ ነው። ወረፋ ላይ ሬዲዮ የታቀፉ አንድ ሽማግሌ ቀርተዋል፤ አባባ ዱርክ ናቸው።

«ዛሬም አልደረስንልዎትም፤ ሦስተኛዎ ነው» አለቻቸው ወይዘሮ ሂልቸ።

«ግድ የለም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ዝም ማለቱን ለምጄዋለሁ።»

ቪብረን መለኪያውን ኪሱ ከተተ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጊዜውን ሁሉ ይሄ ዲስክ ወሰደብን» አላቸው፤ ወደ ፋርዳው ዞሮም፣ «አሁን ቤትሽ መጥቼ የግድግዳውን ሶኬት ልየው።»

«አትምጣ» አለች ፋርዳው። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «ምንም አልተበላሸም። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አንዴም ጠፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

ፋርዳው የዲስኩን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

«ላሞቹ ጋ ሆኜ እንኳ የማስበው ይሄን ዲስክ ነበር» አለ ቪብረን ዝግ ብሎ። «እኔስ እሺ። አባባ ዱርክ ግን ሦስት ቅዳሜ...» ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ፋርዳው ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። ዲስኩ ያለ አንዳች እክል ይሠራል፤ ድምፁን መስማት ጠላች። ረቡዕ የአባባ ዱርክን በር አንኳኩታ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ሬዲዮው ጠቆሙ። «ቅዳሜ ሬዲዮውን አንቺ ትሸከሚያለሽ» አሏት። «ከባድ ነው።»

በእርግጥም ከባድ ነበር። ቅዳሜ በሩ ሳይከፈት ደረሱ። አባባ ዱርክ ከቪብረን ጎን ተቀመጡ፤ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቪብረን ቀና ብሎ አላያትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሬዲዮው የአየር ጠባይ ሲናገር ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የአንቺስ ዕቃ?» አለ ቪብረን፣ ዓይኑን ከመፍቻው ሳያነሣ።

«ዕቃ የለኝም።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» እጆቿን የምታስቀምጥበት አጣች። «የመጣሁት አንተን ለማየት ነው። ያኔም ለዚሁ ነበር።»

ወይዘሮ ሂልቸ የብስኩቱን ቆርቆሮ እንደያዘች ቆመች። የፋርዳው ፊት እስከ አንገቷ ጋለ፤ ግን አልሸሸችም።

ቪብረን ከሳጥኑ ሦስቱን ቅጾች አወጣና እስክርቢቶውን ገፋላት። «የዕቃው ባለቤት ትሙላው።»

ፋርዳው በባዶዎቹ መስመሮች ላይ ሦስት ጊዜ «ሀፍረት» ብላ ጻፈች። ቪብረን እያንዳንዷን ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ከጎኑ ያለውን ወንበር በእግሩ ሳበላት።

«የሚጠገን ነገር የለኝም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። «ቁጭ በይ።»