ሁለት ቅዳሜ ያለው ሳምንት

መጀመሪያ ያገናኛቸው ጠብ ነው። የክልሉ ምክር ቤት «ሁለቱን ከተሞች በባቡር እናገናኝ ወይስ ያለውን መንገድ እናስፋ?» ብሎ ባለሙያ ሲጠራ፣ እሷ ከመንገዶች ቢሮ መጣች፤ እሱ ደግሞ ከባቡር ጥናት ቡድን። እሷ ቆማ ስታስረዳ ሳቀ። ስብሰባው እንዳለቀ ደረጃው ላይ ጠብቃ አፋጠጠችው።

«ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

«ኧረ በአንቺ አይደለም! ሰብሳቢው እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። አንቺ ‹መንገድ› ባልሽ ቁጥር ብንን ይሉና ‹ቀጥይ› ይላሉ፣ ደግሞ ይተኛሉ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። እንግዲህ ሳቅ ካመለጠ በኋላ ጠብ የት ይደርሳል? አዳራሽ ውስጥ ዓይንና ናጫ፣ ሲወጡ እጅና ጓንት ሆኑ። እሱ ባቡር ብዙ ሰው በርካሽ ያጓጉዛል ይላል፤ እሷ ባቡር በየገበሬው ደጅ አይቆምም ትላለች። እንዲህ እየተከራከሩ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፍም ልብ አይሉትም። በሦስተኛው ወር ወደደችው፤ መውደዷንም አልደበቀችውም።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በዚያው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ነድተው፣ አሁን የሾፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ልጃቸው የባቡር መሐንዲስ እንደወደደች ስትነግራቸው የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«አባዬ፣ ጥሩ ሰው ነው።»

«ይሁን። ግን ያ ባቡር መጥቶ የሾፌሩን ጉሮሮ ከዘጋ፣ ሰውየው በደጄ እንዳያልፍ!»

አባቷ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ስለዚህ መንገዱ ቢያሸንፍ ሁለቱንም ታገኛለች፤ ባቡሩ ቢያሸንፍ ከአባቷና ከእሱ አንዱን ልታጣ ነው። መንገዱ ደግሞ እያሸነፈ ነበር፤ ያውም በእሷ ቆጠራ። ሠራተኞቿ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰባት ቀን ሙሉ የሚያልፈውን መኪና ቆጥረዋል፤ ቁጥሩን ያየ የምክር ቤት አባል ሁሉ «ይሄማ መስፋት አለበት» ይል ነበር።

ውሳኔው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቆጠራ ቅጾቹን ስታስተካክል እጇ ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ቅጽ ቅዳሜ ይላል። የመጨረሻውም ቅዳሜ ይላል። ረቡዕ ዝናብ ጥሎ ቆጣሪዎቹ ሲበተኑ፣ ያጡትን ቀን በሚቀጥለው ቅዳሜ አካክሰውታል። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ መኪናው የሌላው ቀን ሦስት እጥፍ ነው። እሷም ሳታይ ፈርማበታለች።

«ወይ ጉዴ!» አለች። ሮጣ የሄደችው ወደ እሱ ቢሮ ነው። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ አላያቸውም፤ የሚያየው እሷን ነበር። ያን ጊዜ ገባት።

«ታውቅ ነበር?»

«የቅጾቹ ቅጂ ለእኛም ደርሶናል። ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ብናገር ትዋረጃለሽ። ባቡሩ ካሸነፈ ደግሞ አባትሽ አሉ። አንቺን ከማጣ ባቡሩ ገደል ይግባ አልኩ።»

ሌላዋ ብትሆን አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ።

«ነገ አንድ ቤት ስንገባም፣ ስሳሳት እያየህ እንዲህ ልትሸፋፍንልኝ ነው? የሚያባብለኝ ሰው አልፈለግኩም። የሚነግረኝ ሰው ነበር የፈለግኩት!»

ቅጾቿን ሰብስባ ወጣች። ሁለት ቀን ሲደውልላት አላነሳችም፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ግን ልቧ ይዘል ነበር።

በውሳኔው ቀን አባቷ ከሾፌሮቻቸው ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ተነሳች።

«ያቀረብኩት ቆጠራ ስህተት አለው። ሁለት የገበያ ቀን ገብቶበታል። ሲታረም ከአምስት መኪና አንዱ ይቀነሳል፤ መንገዱ አሁን ያለው ስፋት ይበቃዋል። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዲት የምክር ቤት አባል ወደ ባቡሩ ቡድን ዞሩ። «እናንተስ፣ ይሄን ሳታዩ ቀርታችሁ ነው?»

የቡድኑ መሪ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እሱ ተነሳ። «እኔ አይቼዋለሁ። ለቡድኔም ለእናንተም መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ባቡሩ አለፈ፤ ከየመንደሩ ወደ ጣቢያዎቹ የሚያደርሱ መጋቢ መንገዶችም አብረው ተፈቀዱ። ለእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። እሱ ከቡድኑ ተባረረ፤ ስንት ዓመት የደከመበትን ሐዲድ ሌላ ሰው ሊዘረጋው ነው።

አባቷ ውጭው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። እሷ መሃል ልትገባ ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

«ባቡርህን አልወደውም» አሉት። «እስክሞትም አልወደውም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ፣ ገጭቶ የሚያመልጥ እንጂ ገጭቶ የሚቆም ብዙ አላየሁም። አንተ ቆምክ።» ለመሄድ ዞር አሉ። «እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነህ።» ይህን ብለው ሾፌሮቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት ፈራ።

«ይቅር ብለሽኛል?»

«ገና ነኝ!» አለች፤ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ ይል ጀመር። «ከዛሬ ጀምሮ፣ ቢያመኝም ትነግረኛለህ። ገብቶሃል?»

ቀና ብሎ አያት፤ አሰብ አደረገ።

«እንግዲያው ልንገርሽ። ስታለቅሺ በጣም ነው የምታስጠዪው።»

ከእንባዋ ጋር ሳቀች፤ ክንዱንም ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

«እንደሱ ነው እንጂ!» አለችው።