የተዘለለው ገጽ

«የእናቴ ስም የታል?» አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የሰም ቁራጭ ቀስራ።

ቁራጩ የሳሙና ስባሪ ያክላል። ከእናቷ ጡት የወጣው ዕጢ የምስር ፍሬ አክሎ መሀሉ ተቀብሯል። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ «መርማሪ» የምትባለው ያለ ነገር አይደለም። እናቷ ዕጢው ለጥናት እንዲውል የፈረመችበትን ቅጽ ለላቦራቶሪው እንድታደርስ ከላከቻት ሳምንት ሆኗል። አድርሻለሁ ብላ ዋሽታ ሒሳብ ደብተሯ ውስጥ ሸሽጋዋለች። ዛሬም የመጣችው ለማስረከብ ሳይሆን ለማፋጠጥ ነው።

ጥናቱን የምትመራው ሐኪም፣ ስም የማይጻፈው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው አለቻት። አልተዋጠላትም። እሷ ክፍል ስሙን ሳይጽፍ ፈተና የሚያስረክብ ዜሮ ነው የሚያገኘው።

«እና ቅጹ እንደሚለው ለምን ውጭ አገር ይላካል? እዚያ ጡት ያላት ሴት ጠፋች?»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። ወንበር ስባ ታስረዳት ጀመር። ሰሙ ከወረቀት በቀጠነ ይቆረጥና ቀለም ይደረግበታል። ቀለሙ ከያዘ ዕጢው ከሦስቱ የታወቁ ምልክቶች አንዱ አለው ማለት ነው፤ ለዚያ ምልክት የተሠራ መድኃኒት ይሰጣል። ሦስቱም የሌሉበት ዕጢ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚዛመተው ነው። እሱ ሌላ ምን ምልክት እንዳለው በብዛት የተጠናው በሌላ አገር ሴቶች ላይ ነው። የእኛዎቹ ከነሱ ጋር ይመሳሰሉ እንደሆነ ጎን ለጎን ሳይታይ አይታወቅም።

አነጋገሯ አንጀት ያርሳል። ልጅቷን የባሰ ያጠራጠራትም እሱ ነው፤ እንዲህ አጣፍጦ ሲያወራ የምታውቀው አሮጌ ስልክ የሚሸጠውን ጎረቤታቸውን ነው።

«ቆርጣችሁ ቆርጣችሁ ቢያልቅስ? ነገ እናቴን ሌላ ምርመራ ቢያስፈልጋት ከየት ይመጣል?»

ሐኪሟ አሁን አልሳቀችም። «ግማሹ አይነካም። ቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል። አላነበብሽውም?»

ልጅቷ ደብተሯን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

መድኃኒቱ የእናቷን ዓይን ስላደበዘዘው ቅጹን ጮክ ብላ ያነበበችላት እሷ ናት። ሁለተኛው ገጽ አናት ላይ እናቷ ለምን እንደተመረጠች ተጽፎ ነበር፤ «ዕጢው በፍጥነት የሚዛመት በመሆኑ» ይላል። እናቷ ደግሞ ይቺን መድኃኒት ልጨርስ እንጂ አበቃ እያለች ነው የምትውለው። መስመሩንም የቀረውንም ገጽ ሳታነብላት ገልጣ መፈረሚያውን አሳየቻት። እናቷ «ምነው አጠረ?» ብላ ፈረመች።

«እናትሽ ሁሉንም ሰምታ ነው የፈረመችው፣ አይደል?» አለች ሐኪሟ። አሁን በጥርጣሬ የምታየው እሷ ሆነች።

ልጅቷ ቅጹን ከደብተሯ አወጣች። የእናቷ ፊርማ ከመስመሩ ወርዶ ተንጋዷል። መልሳ አስገባችው።

«ነገ ይዤው እመጣለሁ። ወይም አልመጣም» አለች። «እናቴ ናት የምታውቀው።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ትራስ ተደግፋ ልብስ ታጣጥፋለች።

«እህ መርማሪ፣ ዛሬስ ማንን ያዝሽ?»

ልጅቷ መብራቱን አበራች። የታጠፈውን ልብስ ገፋ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ወረቀቱን አላደረስኩትም» አለች። «የዘለልኩትም አለ።»

እናቷ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ከላይ ጀመረች።