የተሰበረው ከበሮ

«ቆዳው ገና አልደረቀም» አለ ከበሮ ጠጋኙ፣ ከበሮውን ከመድረኩ ጀርባ እያቀበለው።

«ፀሐይ አለ፤ ይደርቃል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ጠጋኙ ዞር ብሎም ሳያይ ሾልኮ ሄደ።

የተቀበለው ሰው የምስጢር ስም «ክር» ነው። እዚህ የሰፈሩ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ግን የድምፅ ባለሙያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ገመድ ሲጎትት፣ ማይክ ሲተክል ከርሟል። ሰፈሩ ከየአገሩ የተሰባሰበ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ዛሬ ሰባት ቡድን በሰባት ቋንቋ ይዘፍናል። በር ላይ ሰው ይፈተሻል። የሙዚቃ መሣሪያ ግን ማንም አይፈትሽም።

ከበሮው ሆድ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ አለች። ክርና ባልደረቦቹ ከሚሠሩበት የስለላ መሥሪያ ቤት ተሰርቃ ጠጋኙ መልሶ ያገኛት ናት፤ ሌላ ቅጂ የላትም። በጠላት መሀል ሆነው የሚረዷቸው የአሥራ አንድ ሰዎች ስም አለባት። ጠላት እጅ ከገባች አንዳቸውም ሳምንት አይቆይም።

«ልጄ፣ ዳነልኝ?» አሉ የከበሮው ባለቤት አባባ፣ ከበሮውን እየዳበሱ። ከአያታቸው የወረሱት ነው፤ ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ነው እያሉ ሰፈሩ ይቀልድባቸዋል።

«ድኗል አባባ።»

«ልጅ አልወለድኩም ብዬ ሳዝን አንተን ላከልኝ።»

ክር አንገቱን ደፋ። መዋሸት ሥራው ነው። አባባን መዋሸት ግን ያንገበግበዋል።

የፌስቲቫሉ ወግ አለ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡድኖቹ መሣሪያ ተለዋውጠው አንዱ በሌላው ዕቃ ይጫወታል። በዚያ ግርግር ከበሮው በግራ በኩል ባለው ደረጃ ይወርዳል፤ የክር አለቃ «አጎት» እዚያ ጠብቆ ይረከበዋል። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ።

የመድረክ መሪዋ እንደ ልማዷ ማይኳን ሳታጠፋ በግራው ደረጃ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ጥላው ሄደች። ክር እያጉረመረመ ድምፁን ለሕዝቡ ዘጋ። ጆሮ ማዳመጫው ላይ ግን ክፍት ነው።

«ከበሮው ሲወርድ ውሰዱት» የአጎት ድምፅ ነው። «አሥራ አንዱም ስም አለበት።»

«ያመጣው ልጅስ?» አለ የማያውቀው ሰው።

«ክር? ምንም አያውቅም። ማታ እናንተው ጨርሱት።»

ክው አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት ያመነው ሰው ነው። ሰው ማመን ቀብሮ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

«ተለዋወጡ!» አለች መሪዋ ከመድረኩ ላይ በሌላ ማይክ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የጎረቤት ቡድን ዘፋኝ ከበሮውን ከአባባ ተቀብላ ወደ ግራ መሄድ ጀመረች።

ሮጠ።

ገመድ ጠልፎ ጣለው። ተነሳ። ከደረጃው አንድ እርምጃ ሲቀራት ከበሮውን ከእጇ ነጠቀ። ቆዳውን ለመፍታት ጊዜ የለም።

ከመድረኩ ብረት ጋር አላተመው።

አንዴ። ሁለቴ። የስንት ዘመን እንጨት ለሁለት ተሰነጠቀ። ካርዷን ከስብርባሪው መሀል ለቅሞ አፉ ውስጥ ከተተ፤ እስክትደቅ አኘካት። አጎት ከደረጃው ሥር እጁን ኮቱ ውስጥ፣ ፍተሻውን አሳልፎ ባስገባው ሽጉጥ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሦስት ሺህ ሰው እያየ መተኮስ አልቻለም።

አባባ ተንበርክከው እንጨቱን ይሰበስባሉ።

«ልጄ… ምን በደልኩህ?»

አሥራ አንድ ሰው ተረፈ ብሎ መጮህ አማረው። አልቻለም። እንባው መጣ፤ ዋጠው።

ጠርሙስ ተወረወረ። ቀጥሎ ሰው ተወረወረበት። ክር ከመድረኩ ዘሎ ሕዝቡ መሀል ገባ፤ የሠራተኛ ሰደርያውን አውልቆ ጣለ። ከዚያም ከሚያሳድዱት ጋር አብሮ «የታለ? በየት ሄደ?» እያለ እስከ በሩ ሮጠ።

ከአንድ ሱቅ ስልክ ለዋናው ቢሮ ደወለ።

«አጎት ሸጦናል። ካርዷን አጥፍቻታለሁ። ክርም ከአሁን በኋላ የለም።»

ዘጋው።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ከፌስቲቫሉ ነው የመጡት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አየህልኝ ወንድሜ? እኚያን ሽማግሌ እንደ ሕፃን አስለቀሳቸው እኮ። ምን ቢያደርጉት ነው? እጁን ይቁረጠው!»

«አሜን» አለ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።