የረጋው ዘይት

መርማሪ ዴሊያ ኢራላ ስትደርስ ትንሹ ኤልቪዮ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። የሚጥል በሽታው ጎህ ሲቀድ ጣለው፤ አልተነሣም። ውጭ የሐምሌ ውርጭ የፒሪቤቡይ ገጠርን ቀይ መሬት አመድ አስመስሎታል።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት አቃቤ ሕጉ። «ጎረቤቲቱ ሩፊና ካናቢስ ነው እያለች የማይታወቅ ዘይት ለልጆች ታድላለች። ልጁን መርዛዋለች። ቤቷን በረበርን፤ ቅጠል እንኳ የለም።»

የኤልቪዮ እናት ኒሚያ ትንሿን ቡናማ ጠርሙስ ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ ለዴሊያ ሰጠቻት።

«ለበሽተኛ ተፈቅዶ የለ? ከፋርማሲ ለምን አልገዛሽም?» አለቻት ዴሊያ።

«ተፈቅዷል ይላሉ፤ እዚህ መጥቶ ግን አያውቅም። ልጄ በእትዬ ሩፊና ዘይት ዓመት ሙሉ አልወደቀም። ሰሞኑን ብርዱ እያጠጠረብኝ በእጄ አሙቄ ነበር የምሰጠው።»

ዴሊያ ጠርሙሱን ዘቀዘቀችው። ጠብታ አልወረደም።

አያትየዋ አፖሎኒያ ትኩስ የማቴ ሻይ አቀበለቻት። «ጠጪ ልጄ፣ ፊትሽ ገርጥቷል።» ሽበቷ ወዝቶ ተጎንጉኗል።

ዴሊያ ሄዳ ስታንኳኳ ሩፊና በሯን በፍርሃት ከፈተች።

«ቅጠሉን በምን ዘይት ነው የሚዘፈዝፉት?»

«በሱፍ። አንዴ በኮኮናት ብሠራው በብርድ ረግቶ፣ እናቶቹ ‹ሻማ ሰጠሽን› ብለው ሳቁብኝ።» ወደ ካሳቫው ማሳ ወሰደቻት። ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል ካናቢሱን እመሃሉ ነበር የደበቀችው። ከሥሩ ጠርሙስ ቆፍራ አወጣች። «የመጨረሻዬ ናት። የጎረቤቴ የቤኒታ ልጅም ይኸው በሽታ አለባት፤ ትጠብቃታለች። ትመልሺልኛለሽ?»

«እመልሳለሁ።»

ዴሊያ ሁለቱን ጠርሙሶች ውርጩ ላይ አቆየቻቸው። ከዚያ የቤቱን ሰዎችና አቃቤ ሕጉን በእነ ኒሚያ ወጥ ቤት ሰበሰበች።

«ይህች የሩፊና ናት፤ ቅጠል ቅጠል ትሸታለች፣ ትፈሳለች። የኤልቪዮ ረግታለች። ስለዚህ ውስጧን የቀየረ ሰው አለ። የገባባት የኮኮናት ዘይት ብቻ ነው፤ ቀምሼዋለሁ። ልጁን መርዝ አልገደለውም፤ መድኃኒቱ ነው የቀረበት። ከመስኮቱ ደፍ ማንም ሳይጠረጥረው የሚያነሣት ደግሞ የቤት ሰው ነው። እማማ አፖሎኒያ፣ ጸጉርዎን በምን ይቀባሉ?»

አሮጊቷ እጇን ወደ ጉንጉኗ ሰደደች።

«ፖሊስ ሰፈሩን ሊበረብር ነው አሉ። ልጄን ኒሚያን እንዳያስሩብኝ ደፍቼ የጸጉሬን ዘይት ሞላሁባት። ልጁ ዓመት ሙሉ አልወደቀም እኮ… የዳነ መስሎኝ ነበር።»

ኒሚያ እናቷን አየቻት። ልጇ ወደተኛበት ገብታ በሩን ዘጋች።

«እንግዲህ እትዬ ሩፊና ነጻ ናቸው» አለች ዴሊያ።

«ከግድያው፣ አዎ።» አቃቤ ሕጉ የምትፈሰውን ጠርሙስ ኪሱ ከተተ። «ያለ ፈቃድ ተክሎ ማደል ግን ወንጀል ነው። ማስረጃ ነበር ያጣሁት፤ አንቺው አመጣሽልኝ።»

ፖሊሶች የዴሊያን ዱካ ተከትለው ወደ ካሳቫው ማሳ ገቡ። ሩፊናን ከቤቷ በካቴና ሲያወጧት ቤኒታ ልጇን ታቅፋ አጥሩ ጋ ቆማለች።

«እትዬ ሩፊና፣ ጠርሙሷን ልወስድ ነበር።»

«እሷ ጋ ናት» አለች ሩፊና፣ ዴሊያን በአገጯ እያመለከተች።

ቤኒታ እጇን ወደ ዴሊያ ዘረጋች።